የ3 ሺህ ሰዓት ስለ 5 ሺህ ምን ይነግረናል?

(አዳማ ላይ ለታዳጊ ፕሮጀክት አሰልጣኞች፣ ለስፖርት መምህራን፣ ለወላጆችና ለወጣት ሯጮች የተደረገ ንግግር ነው። ከሞላ ጎደል እንደተነገረ ቀርቧል።)

ጤና ይስጥልኝ! አካም ጅርቱ! እንደምን አረፈዳችሁ?

የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ የስፖርት መምህራን፣ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ልጆች፣ እናንተ ደግሞ ልምምድ ጨርሳችሁ፣ ቱታችሁን እንኳ ሳትቀይሩ ነው የመጣችሁት። በዚህ በአዳማ ሙቀት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አዳራሽ ገብቶ ስለ ቁጥር መስማት ቀላል አይደለም። ከልብ አመሰግናለሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ የሒሳብ መምህር ነኝ። ከክፍል ስወጣ ሜዳ ላይ ነኝ። ሰዓት እይዛለሁ፣ ዙር እቆጥራለሁ፣ እመዘግባለሁ። አሰልጣኝ አይደለሁም፤ አሰልጣኞቹ እዚህ ተቀምጠዋል። እኔ የማግዛቸው በደብተርና በእርሳስ ነው።

ዛሬ ይዤ የመጣሁት ሜዳ ላይ ሁልጊዜ የምንጠየቀውን ጥያቄ ነው። ልጁ 1,500 ሜትር ሮጦ፣ ገና ትንፋሹ ሳይመለስ ይመጣና፣ "ቲቸር፣ በዚህ ሰዓት 5,000 ስንት እገባለሁ?" ይላል። እናት ትመጣና፣ "መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልጄ ለክለብ ትደርሳለች?" ትላለች። ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ ይመስላሉ። ግን አንድ ናቸው። ከአጭሩ ተነስተን ረጅሙን ማወቅ እንችላለን ወይ? ነው ጥያቄው።

እንችላለን። ስሌት አለው፤ አሁን አሳያችኋለሁ። ግን ገና ከመነሻው አንድ ነገር ልበል። ስሌቱ ከሚሰጠን ሰዓት ይልቅ፣ ልጁ ከዚያ ሰዓት የሚርቅበት ሰከንድ ነው ብዙ የሚነግረን። ይቺን ይዛችሁ ስሙኝ።

ንግግሬ ሦስት ነጥብ አለው። ስሌቱ፣ የሰው ልዩነት፣ ከዚያ ስሌቱን የሚያበላሹ ነገሮች። በመጨረሻ ወደ መሙ፣ ወደ መሮጫው ሜዳ እንወርዳለን፤ ዙር በዙር።

አንደኛው ነጥብ፦ ስሌቱ።

ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሰዓቱ ከእጥፍ ይበልጣል። 5,000ን ባለ በሌለ አቅሙ በ15 ደቂቃ የጨረሰ ልጅ 10,000ን በ30 ደቂቃ አይጨርስም። ይደክማል። ታዲያ በስንት ይዘገያል?

ፒተር ሪገል የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። ራሱም ይሮጥ ነበር። ይህ ሰው በፈረንጆቹ 1977 አንድ ቀላል ቀመር አሳተመ። ረጅሙን ርቀት ለአጭሩ አካፍሉ። ያገኛችሁትን አርቢው 1.06 አድርጉት። በአጭሩ ርቀት ሰዓት አባዙት። አለቀ። "አርቢ" ስል ፊታችሁን አትቋጥሩ፤ ሥራውን ጨርሼ ነው የመጣሁት። እነዚህን ጻፉ።

ከ1,500 ወደ 3,000 ከሆነ፣ ሰዓቱን በ2.085 አባዙ። ከ5,000 ወደ 10,000ም ያው 2.085 ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ነዋ። ከ3,000 ወደ 5,000 በ1.72። ከ1,500 ወደ 5,000 በ3.583።

አንድ እንሞክር። 3,000ን በ10 ደቂቃ የምትሮጥ ልጅ አለች እንበል። 600 ሰከንድ ማለት ነው። በ1.72 ስናባዛው 1,032 ሰከንድ ይመጣል። 17 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ። ይሄው ነው።

"ይሄ ወረቀት ላይ ነው፤ ሜዳ ላይ ይሠራል ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሩቅ አንሂድ፤ ከዚህ ወደ አሰላ የሚወስደውን መንገድ እንያዝ።

የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ። በ1998 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) 10,000ን ሄንግሎ ላይ በ26፡22.75 ሮጠ። ከ12 ቀን በኋላ ሄልሲንኪ ላይ 5,000ን በ12፡39.36 ገባ። ሁለቱም የዓለም ክብረ ወሰን ነበሩ። አሁን የ5,000 ሰዓቱን በቀመሩ አስሉት። 26፡23.2 ይመጣል። ከሮጠው ጋር ያለው ልዩነት ግማሽ ሰከንድ አይሞላም! ሃያ አምስት ዙር ተሮጦ ግማሽ ሰከንድ!

የበቆጂው ልጅ ቀነኒሳ በቀለ። 5,000ን በ2004 ሄንግሎ ላይ 12፡37.35። ቀመሩ ለ10,000 የሚለው 26፡19 ነው። ቀነኒሳ በ2005 ብራስልስ ላይ የሮጠው 26፡17.53። ከሁለት ሰከንድ ያነሰ ልዩነት። በዙር ካሰብነው፣ በ5,000 አንዱን ዙር በአማካይ በ60.6 ሰከንድ ነበር የሚዞረው፤ በ10,000 በ63.1። የሁለቱ ልዩነት ሁለት ሰከንድ ተኩል ነው። የዚያን ሰው ሩጫ ስታዩ የሚያስደንቃችሁ ነገር ቁጥሩም ውስጥ አለ።

እንግዲህ ስሌቱ ተረት አይደለም። ይሠራል። የሚሠራው ግን መቼ ነው? ለማንስ ነው?

ሁለተኛው ነጥብ፦ የሰው ልዩነት። ሰፋ አድርጌ የምናገረው ይህንን ነው።

ኃይሌና ቀነኒሳ 1.06ን ልክክ አድርገው የሮጡ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ሰው ግን እንደነሱ አይደለም። ገንዘቤ ዲባባን ተመልከቱ። በሐምሌ 2015 ሞናኮ ላይ 1,500ን በ3፡50.07 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። ከዚያ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብላ ፓሪስ ላይ 5,000ን በ14፡15.41 ሮጣ ነበር። ያው ሰው፣ ያው ወር፣ ያው ብቃት። ቀመሩ በ1,500 ሰዓቷ ለ5,000 ስንት ይላል? 13፡44! እስከ ዛሬ ድረስ 5,000ን በ13፡44 የሮጠች ሴት የለችም። ሰላሳ አንድ ሰከንድ ሳተ። ታዲያ ገንዘቤ ደካማ ናት እንበል? በጭራሽ! የገንዘቤ ትልቁ ሀብት ፍጥነቷ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ የነገረን ይህንን ነው።

አሁን በተቃራኒው ደግሞ ለተሰንበት ግደይን እንይ። በ2020 ቫሌንሲያ ላይ 5,000 በ14፡06.62። ቀመሩ ለ10,000 ወደ 29፡25 ይሰጣታል። በቀጣዩ ዓመት ሄንግሎ ላይ፣ በእኛው በኢትዮጵያ የኦሎምፒክ ማጣሪያ፣ 29፡01.03 ሮጠች። ከትንበያው በ24 ሰከንድ ቀደመች። አልማዝ አያናም እንዲሁ ናት። በ5,000 ሰዓቷ ስትሰላ ወደ 29፡38 ነበር የሚጠበቀው። ሪዮ ላይ 29፡17.45 ገባች፤ ሃያ ሰከንድ ቀድማ። ርቀቱ ሲረዝም እነዚህ ልጆች እንደ ሌላው አይወርዱም።

ሒሳቡን ወደ ኋላ ስንሠራው ለእያንዳንዱ ሯጭ በ1.06 ቦታ የሚገባ የራሱ ቁጥር ይወጣል። ኃይሌና ቀነኒሳ 1.06 ናቸው። ለተሰንበትና አልማዝ 1.04። ገንዘቤ 1.09። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሯጩ ወደ ረጅሙ ያደላል። ከፍ ካለ ወደ አጭሩ። ልብ በሉ፤ ሁሉም የዓለም ክብረ ወሰን የሰበሩ ናቸው! ጥሩ ቁጥር፣ መጥፎ ቁጥር የሚባል የለም።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የአንዲት ልጃችን ታሪክ ነው፤ ስሟን አልጠራም።

ቀጭን ናት፤ ዝምተኛ። 1,500 ትሮጥ ነበር። ምርጥ ሰዓቷ 4፡50። አንድ ክለብ ልጆች ሊመለምል መጣ። ልጆቹን በ1,500 ብቻ አሯሯጣቸው። እሷ አምስተኛ ሆነች። መልማዩ ሰዓቱን አየ፣ በስልኩ አባዛ፣ "በዚህ ሰዓት 5,000ን ከ17፡19 በታች አትገባም፤ አንወስዳትም" አለ። ስሌቱ ትክክል ነበር! 290 ሰከንድ በ3.583 ሲባዛ 17፡19 ነው። ልጅቷ ጫማዋን ፈትታ በእጇ ይዛ፣ አቧራው ላይ በካልሲ ቆማ ነበር የምትሰማው። አልተናገረችም። ስፓይኩ የተውሶ ስለነበር ለባለቤቷ መለሰችና ሄደች።

በነጋታው ደብተሬን ገለጥኩ። በልምምድ ጊዜ የመዘገብኳቸው ዙሮቿ አሉ። ሌሎቹ ልጆች ከአምስተኛው ዙር በኋላ ከ78 ወደ 83፣ ወደ 86 ሲወርዱ የእሷ 81፣ 81፣ 82፣ 81 ይላል። አሰልጣኟ ጋ ሄጄ አሳየሁት። ዝም ብሎ ሲያየው ቆየና፣ "ይቺ ልጅ የ1,500 ልጅ አይደለችም እኮ" አለኝ። ለወራት ለ5,000 አዘጋጃት። 5,000ን ስትሮጥ 16፡55 ገባች። ከትንበያው በ24 ሰከንድ ቀድማ። ቁጥሯን አሰላሁት፦ 1.04። የለተሰንበትና የአልማዝ ዓይነት ቁጥር! ሰዓቷ እንደ እነሱ ነው እያልኩ አይደለም። ገና ልጅ ናት፣ ገና ብዙ ይቀራታል። ዓይነቷ ግን ታወቀ። አሁን ሌላ ክለብ ውስጥ ናት፤ እናቷ ዛሬ እዚህ አሉ፤ እንኳን ደስ አለዎት እማማ።

አሰልጣኞች፣ እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ልጅን በአንድ ርቀት ብቻ አትመዝኑ! ሁለት ርቀት ይሩጥ። ከተቻለ ሦስት። በአንድ ነጥብ መስመር አይሠመርም፤ ይህ የሒሳብ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። አንድ ሰዓት ልጁ ዛሬ ምን ያህል እንደሮጠ ይነግራችኋል። ሁለት ሰዓት ወዴት እንደሚያደላ ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ርቀቶቹ በጣም ሲራራቁ ቀመሩን አትመኑት። ሪገል ራሱ ቀመሩ የሚሠራው ከሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ በላይ ለሚወስድ ሩጫ ነው ብሏል። 800 ከዚያ ውጭ ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው። 800 ላይ ሰውነት ጉልበቱን ሁሉ በሚተነፍሰው አየር አያገኝም፤ ብዙ ይበደራል። 5,000 ላይ ግን ጉልበቱ በሙሉ ማለት ይቻላል የሚመጣው በትንፋሽ ነው። 800ን በሁለት ደቂቃ የሮጠ ልጅ በቀመሩ ሲሰላ 10,000ን በ29፡05 መግባት አለበት! እስቲ ከዚህ መሃል 800ን በሁለት ደቂቃ የሚሮጥ እጁን ያውጣ። አያችሁ? እነዚህ ሁሉ ልጆች 10,000ን በ29 ደቂቃ ይገባሉ? ከ1,500 ወደ 3,000፣ ከ3,000 ወደ 5,000፣ አንድ አንድ ደረጃ ውጡ።

ሦስተኛው ነጥብ፦ ስሌቱን የሚያበላሹት ነገሮች።

መጀመሪያ ሜዳው ነው። ስንቶቻችን የምናሠለጥንበት ሜዳ በትክክል 400 ሜትር ነው? በሜትር ለክተነዋል? አንዱ ዙር 380 ቢሆን በ1,500 ላይ 75 ሜትር ይጎድላል። 1,500ን በ4፡50 ለሮጠችው ልጅ 75 ሜትር ማለት ወደ 14 ሰከንድ ተኩል ነው። ወደ 5,000 ስናባዛው ስህተቱም አብሮ ይባዛል፤ 52 ሰከንድ ይሆናል። ልጁን አታለልነው። ክለብ ሄዶ ትክክለኛው መም ላይ ሲሮጥ "ምን ነካው? ወረደ" ይባላል። ልጁ አልወረደም። መሙ ነው የረዘመው። ገመድ ገዝታችሁ ለኩ። ብዙ ብር አይጠይቅም።

ቀጥሎ ነፋሱ። የአዳማን ነፋስ ለእናንተ አልነግራችሁም። ተራራው ላይ የነፋስ ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም! ዙር ስለሆነ ነፋሱ በአንድ በኩል ይገፋል፣ በሌላ በኩል ይመልሳል፣ ይካካሳል የሚል ሰው አለ። አይካካስም። ከፊት ሲመጣ የሚወስድብን ከኋላ ሲመጣ ከሚሰጠን ይበልጣል። ብቻውን ለሚሮጥ ልጅ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ 1,500ን ማለዳ ጸጥ ሲል፣ 3,000ን ከሰዓት በነፋስ ሮጦ ሁለቱን ማወዳደር ልክ አይደለም። ሙቀቱም እንዲሁ ነው። በተቻለ መጠን በተመሳሳይ የቀኑ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት አየር አሩጡ።

ከፍታም አለ። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። በቆጂ ወደ 2,800 ይጠጋል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ የሚጎዳው ረጅሙ ርቀት ነው፤ አጭሩን እንዲያውም ያግዛል። በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ የሆነውን አስታውሱ። ከተማዋ 2,240 ሜትር ላይ ናት። የአጭር ርቀት ክብረ ወሰኖች ረገፉ። 10,000 ሜትር ግን ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ 29፡27.4 ገብቶ አሸነፈ፤ የእኛው ማሞ ወልዴ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ሁለተኛ ሆነ። የጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን 27፡39 ነበር። ወደ ሁለት ደቂቃ የሚጠጋ ልዩነት! እነዚያ ጀግኖች ደካማ ሆነው ነው? አየሩ ነው። ለዚህ ነው በቆጂ የተሮጠን 1,500 ይዛችሁ አዳማ ላይ 5,000 ስትተነብዩ መጠንቀቅ ያለባችሁ።

የውድድሩ ዓይነትም ይለያል። ሰለሞን ባረጋ 5,000ን በ12፡43.02 ሮጧል። ቀመሩ ለ10,000 ወደ 26፡31 ይሰጠዋል። ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ 10,000ን ወርቅ ሲያጠልቅ ሰዓቱ 27፡43.22 ነበር። ከአንድ ደቂቃ በላይ ዘግይቶ የዓለም ምርጥ ሆነ! ሻምፒዮና ላይ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን የሚጠብቅ አሯሯጭ የለም፤ ሁሉም ይጠባበቃል፤ ዳኛው የመጨረሻው ዙር ነው። እንግዲህ ሚኒማ፣ ማለትም ለውድድር የሚያበቃውን ሰዓት፣ ለማሟላት ስትሮጡ ስሌቱን ያዙ። ለሜዳሊያ ስትሮጡ ሰዓቱን ተዉና ተፎካካሪያችሁን እዩ።

አሁን ወደ መሙ እንውረድ። ልጆች፣ ይህ የእናንተ ነው።

የቅድሟን ባለ 10 ደቂቃ ልጅ እንመልሳት። 3,000ን ስትሮጥ አንዱን ዙር በ80 ሰከንድ ነው የምትዞረው። ለ5,000 የተተነበየላት 17፡12 በ12 ዙር ተኩል ሲካፈል 82.5 ሰከንድ ገደማ ነው። የሁለት ሰከንድ ተኩል ልዩነት! ይህች ትንሽ ሰከንድ ናት ሩጫውን የምታድነው ወይም የምትገድለው። የእኛ ልጆች የመጀመሪያዋን 5,000 ሲሮጡ ምን ያደርጋሉ? ፊሽካ ሲነፋ ይፈተለካሉ። የመጀመሪያው ዙር 74 ነው። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ስምንተኛው ዙር ላይ 88፣ 90። ከዚያ "5,000 አይሆነኝም" ብለው ይመለሳሉ። 5,000 እምቢ አላላቸውም፤ የመጀመሪያው ዙር ነው ያስከፈላቸው።

ስለዚህ ከውድድር በፊት የዙራችሁን ሰከንድ እወቁ። አሰልጣኙ በየዙሩ ጮክ ብሎ ይጥራው። እናንተም በቃላችሁ ያዙት። 82፣ 82፣ 83፣ 82። አሥረኛው ዙር ላይ ጉልበት ካላችሁ፣ ያን ጊዜ ልቀቁት! ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የዙሩ ሰዓት ከመቶ አራት እጅ ገደማ ይጨምራል። 1,500ን ሲሮጥ አንዱን ዙር በ72 ሰከንድ የሚዞር ልጅ 3,000ን በ75 ይጀምር። ይህን ለማወቅ ስልክም አያስፈልግም።

ከትንበያው በላይ ዘገያችሁ? አትደንግጡ። ጽናት ይቀራችኋል ማለት ነው፤ ረጅም ሩጫ፣ ዱብ ዱብ፣ አቀበት ይጨመርላችሁ። ከትንበያው ቀደማችሁ? ደስ ይበላችሁ፤ ግን ፍጥነታችሁ ላይ መሥራት እንዳለባችሁ አስቡ፤ የመጨረሻው 200 ሜትር ላይ ያስፈልጋችኋል።

እናቶች፣ አባቶች፣ ከእናንተ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በስሌት "ለ10,000 ይሆናል" ስለተባለ ወደ 10,000 አታጣድፉት። የልጅ ሰዓት በየወሩ ይለዋወጣል። ቁመት ይጨምራል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ፈተና አለ፣ ሕመም አለ። ከስድስት ወር በፊት የተሮጠ 1,500 የዛሬውን ልጅ አያውቀውም። ከየትም የመጣ ሰው ሰዓቱን አባዝቶ "ልጅህን ውጭ እወስደዋለሁ" ቢላችሁ፣ መጀመሪያ አሰልጣኙን ጠይቁ።

አሰልጣኞች፣ ለእናንተ የቀረኝ ደብተር ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ሜዳ፣ ነፋስ አለ ወይስ የለም፣ እያንዳንዱ ዙር። የመጨረሻውን ሰዓት ብቻ አትጻፉ። ያችን ልጅ ያገኘናት በዙሮቿ ነው።

እኔ ጨርሻለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ የለካነው መም ላይ 1,500 እናሮጣለን፤ ከሳምንት በኋላ 3,000። የማንኛውም ፕሮጀክት ልጅ መምጣት ይችላል። አሁን ደግሞ ሁለት ርቀት የሮጣችሁ ልጆች ሰዓታችሁን ይዛችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ሰሌዳው ላይ የየራሳችሁን ቁጥር እናወጣለን። ማን ይጀምራል?